ሰኞ ሰኞ የሚኮመጥጥ ሆድ

እታለማሁ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲሏት «በግ እጠብቃለሁ» ብላ ታልፋለች። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ትናገር ነበር። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ውስጥ ሦስት ሙክቶች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ግራ ሽንጥ ላይ ሐኪም ቀዶ ያበጀው፣ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው በጎማ ውታፍ ይዘጋል፤ እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውታፉን ነቅላ ከጨጓራቸው ፈርስ ትቀዳለች። ይህን የሰማች የባሏ እህት ሦስት ጊዜ አማትባ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል እታለማሁ የነካችውን ምግብ አልቀምስም አለች። «በግ እጠብቃለሁ» ማለት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ተወልዳ ያደገችው ከዘንገና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ቤቷ ውስጥ የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛውን የያዘችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አገባች፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ ዳረች፤ አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ክንዴ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ወደ ጣቢያው የገባችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለጽዳት ነበር። የበጎቹ ተንከባካቢ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ለጊዜው ብለው እሷን ተኩ። ለጊዜው የተባለው ግን በዚያው ቀረ፤ ምክንያቱም በግ ሲታመም ቀድማ የምታውቀው እሷ ሆነች። ጆሮውንም ዓይኑንም አታይም። አፉን ነው የምታየው። በልቶ ሲጠግብ ተኝቶ ካመሰኳ ደህና ነው። አፉ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ምንይችል የሚባል የዳንግላ ልጅ መጣ። ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ወጣት ነው። ጥናቱ በምግብና በጨጓራ ላይ ነው። በጎቹ ከድርቆሽ ጋር የሚበሉት ከዘይት መጭመቂያ የሚመጣ የኑግ ፋጉሎ ተቀንሶ በምትኩ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የወጣለት የግብጦ ጥራጥሬ ቢሰጣቸው፣ ጨጓራቸው ውስጥ ያለው መብላላት ምን ይሆናል? ጥያቄው ይኸው ነው። እታለማሁ ጥያቄውን ወደደችው። ግብጦ በአገሯ የሞላ ነው፤ ፋጉሎ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው።

የቀኑ ሥራ ይህን ይመስል ነበር። ማለዳ፣ በጎቹ ገና ምግብ ሳይቀምሱ፣ ውታፉን ትነቅላለች። በቀጭን ቱቦ ከጨጓራው ፈሳሽ ትስባለች፤ በአራት እጥፍ ሻሽ ታጠልልና በፍል ውሃ አሙቃ ወዳቆየችው ፔርሙስ ትገለብጣለች። ፈሳሹ ከበረደ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ምንይችል ፔርሙሱን አቅፎ ወደ ላቦራቶሪው ይሮጣል። ከዚያ በኋላ እሷ ድርቆሹን፣ ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውንና ግብጦውን በሚዛን መዝና ለየበጉ ትሰጣለች። የተረፈውን ለቅማ ደግሞ ትመዝናለች። ምንይችል በጎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይጠራቸዋል። ለእሷ ግን ቡላ፣ ዳማና ቀዮ ናቸው።

አንድ ቀን ምንይችል ደስ ብሎት ነበርና ላቦራቶሪ ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳያት። አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ነገሮች ይርመሰመሳሉ፤ አንዳንዱ ጭራ አለው፣ አንዳንዱ እንደ እንቁላል ሆኖ ይሽከረከራል።

«እነዚህ ናቸው ሣሩን የሚፈጩት» አላት። «በጉ ብቻውን ድርቆሽ መፍጨት አይችልም። እነሱ አብላልተው የሚተውለትን ነው የሚመገበው። እውነቱን ለመናገር እትዬ፣ እርስዎ የሚያበሉት በጉን አይደለም፤ እነሱን ነው።»

«እንደ ጥንስስ ማለት ነው» አለች እታለማሁ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ።

«እንደሱ ይበሉት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የምትመዝነውን ምግብ ይበልጥ ተጠነቀቀችለት። ጠላ የጠመቀ ሰው ያውቃል፤ ጥንስስ ድንገት የማያውቀው ነገር ሲገባበት ይበላሻል። የበጉም ሆድ እንደዚያው ከሆነ፣ ምግቡ የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው እንጂ በአንድ ጀንበር አይደለም። ምንይችልም አዲሱን መኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ያስለመዳቸው ለዚህ እንደሆነ ገባት።

ችግሩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ታየ። ናሙና የሚወሰደው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው። የቡላና የቀዮ ፈሳሽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አረንጓዴ ቢጤ፣ ወፈር ያለ፣ የታጨደ ሣር የሚሸት። የዳማው ግን ሰኞ ሰኞ ይለያል። ይቀጥናል፣ ይነጣል፣ አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጣ ሽታ አለው። ረቡዕ ይሻለዋል። ዓርብ እንደሌሎቹ ይሆናል። ሰኞ ተመልሶ ያው።

«ምንይችል፣ ዳማው ሰኞ ሰኞ ይኮመጥጣል» አለችው።

«አይቻለሁ፣ መለኪያውም ያሳያል። ሌሎቹ ስድስት ነጥብ አምስት ሲሆኑ ሁለት ቁጥር አምስት ነጥብ ስምንት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይብሳል።»

«ሰኞ ጠዋት እንደ ልቡ አያመሰኳም። ቅጹ ላይ ጻፈው።»

ምንይችል ቅጹን ገለበጠ። የምግብ ሚዛን፣ የትራፊ ሚዛን፣ የአሲድ መጠን፣ የሙቀት መጠን፤ ለማመስኳት የሚሆን ቦታ የለውም። «ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለንም እትዬ» አለ።

ዓምድ! እሷ ዘጠኝ ዓመት የበግ አፍ ስትመለከት ኖራለች፤ እሱ ዓምድ የለንም ይላታል። ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ግን ከልጇ የተረፈ ደብተር አውጥታ ራሷ መጻፍ ጀመረች። «ሰኞ። ዳማ አፉ ዝም። ረቡዕ። ዳማ ትንሽ። ዓርብ። ዳማ ደህና።»

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ምንይችል ፊቱን አጥቁሮ ወደ በረቱ መጣ። ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ እግሩን ያወዛውዛል።

«እትዬ፣ ቅር አይበልዎት። ዓርብ የሚመዝኑት ለቅዳሜና እሁድ የሚሆነው ምግብ... እርግጠኛ ነዎት ለሁለት ቁጥር ልክ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ፉርሽካው በዝቶበት ይሆን ብዬ ነው። ወይም ደግሞ... አንዳንድ ሰው አትላ ከቤቱ ያመጣል፣ ለእንስሳ አዝኖ።»

የእታለማሁ ፊት ጋለ። ዘጠኝ ዓመት በሠራችው ሥራ ከመሬት ተነስቶ ይጠርጥራት! ሚዛኑን ጎተተችና የዳማውን መኖ ፊቱ እየመዘነች አሳየችው። ድርቆሽ፣ ልክ። ፋጉሎ፣ ልክ። ግብጦ፣ ልክ። «አትላ ከፈለግህ ቤቴ ድረስ ናና ጋኑን አሽትት» አለችው። እሱም ይቅርታ አላለም፤ «ብቻ እንጠንቀቅ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ስትመዝን አጠገቧ መጥቶ መቆም ጀመረ። ቃል አይተነፍስም፤ ይቆማል፣ ያያል፣ ይሄዳል። መሳደቡ ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ እሷ አትገባም። የመዘነችውን በየከረጢቱ አስራ፣ የበጉን ቁጥር ጽፋ ታስቀምጣለች፤ የሚያበላላት የበረቱ ዘበኛ አያ እንግዳው ነው። አያ እንግዳው ከስልሳ ያለፈ፣ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ በዘበኝነት የተቀጠረ የአገሯ ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ በአዊኛ የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ዓርብ ሥራ ስትጨርስ ከቀርከሃው አጥር ሥር ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ፈረሶቻቸው ያወራሉ። እሱን መጠርጠር ለአፍታም አልመጣላትም።

ጥር ላይ የጥምቀት በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ተያይዞ ዋለ። እታለማሁ የአራት ቀን መኖ መዝና አስራ ታቦቷን ልትሸኝ ወደ መንደሯ ሄደች። ምንይችል ናሙናውን ለማስመርመር ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ከበዓሉ ስትመለስ ማለዳ ነው፤ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። በረቱን ስትከፍት ቡላና ቀዮ ተነስተው ጮኹባት። ዳማው አልተነሳም። አንገቱን ወደ ጎኑ አጥፎ ተኝቷል፤ ግራ ሆዱ ተወጥሯል፤ ጥርሱን ያፋጫል። ከኋላው ቀጭን ተቅማጥ ወርዶበታል።

ውታፉን ነቀለች። ግራጫ ፈሳሽ አረፋ እየደፈቀ ወጣና እጇ ላይ ፈሰሰ። ሽታው እንደ ከረመ ሊጥ ነው። በማንኪያ ጨልፋ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ በጣቷ በተነችው። ገብስ ነው። ያልተፈጨ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የገብስ ፍሬ፣ በእፍኝ የሚታፈስ። በምንይችል መኖ ውስጥ ደግሞ አንዲት ፍሬ ገብስ የለችም።

«አያ እንግዳው!» ብላ ጮኸች። መልስ የለም። ተረኛው ሌላ ነው።

ስልኳን አውጥታ ለምንይችል ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። ለጣቢያው ሐኪም ለዶክተር ሕይወት ደወለች። ዶክተሯ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ወርዳ ለክትባት ዘመቻ ገበሬ መሐል ናት። ኔትዎርኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው ገባ።

«ስንት ሰዓት ሆነው?»

«እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት ዶክተር። ገብስ በልቷል። ሆዱ ሙሉ ኮምጣጣ ነው።»

«ስሚኝ እታለማሁ። እኔ ከሰዓት በፊት አልደርስም። ያለውን በሙሉ አውጪ፤ ለብ ባለ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ ጨምሪ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከዚያ ከጤነኛው በግ ፈርስ ቀድተሽ፣ ሳይበርድ፣ ወደ እሱ አስገቢ። እነዚያ ሣሩን የሚፈጩለት ሞተዋል፣ ሌሎች ይግቡለት። ትችያለሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያወጣሁትን መልሶ ማስገባት አያቅተኝም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። በጉን በክርኗ ደግፋ በማንኪያና በቱቦ አወጣች፤ ውሃ ገለበጠች፤ ደግማ አወጣች። ባልዲዎቹ ሞሉ። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ዛለ፤ ቀሚሷ በፈርስ ራሰ። በየመሐሉ ስሟ እንዴት ሲነሳ እንደከረመ ትዝ እያላት ትብከነከናለች። ፉርሽካ በዝቶበት ይሆን! አትላ ከቤት! ያወጣችው ሲጠራ፣ ከቡላ ሆድ ሁለት ሊትር የሚሆን አረንጓዴ ፈሳሽ ቀድታ በእጥፍ ሻሽ ሳታጠልል፣ ከነፈርሱ፣ በፔርሙስ ይዛ ወደ ዳማው አሻገረች። ፈሳሹ ቀዳዳው ውስጥ ሲወርድ በጉ አንዴ አንገቱን አቃና። ሌላ ምንም አላደረገም። ውታፉን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

አያ እንግዳው የመጣው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በጉን አየ፤ ባልዲዎቹን አየ።

«ምን ሆነ የኔ ምስኪን?»

«ገብስ ማን ሰጠው?» አለችው በአዊኛ።

«እኔ» አለ፤ ለመደበቅም አልሞከረም። «በየእሁዱ አንድ ጣሳ እሰጠዋለሁ። ለበዓሉ ደግሞ ጨመርኩለት። ለሰው ዓመት በዓል ሲሆን ለእሱ ለምን አይሆንም?»

«ለምን ለእሱ ብቻ?»

«ከሦስቱ የከሳው እሱ ነው። ደግሞ አስቢው እታለም፤ ሆዱ የተበሳ እንስሳ ነው። የበላው ግማሹ በቀዳዳው ይፈስሳል። በድርቆሽ ብቻ እንዴት ይቁም? አዘንኩለት።»

እታለማሁ መሳቅም ማልቀስም አማራት። «አያ እንግዳው፣ ሁለት ወር ሊሞላ ነው! ይህ ልጅ ሌባ አድርጎ ሲያየኝ ከርሟል። እዚህ ቆሞ ሲመለከተኝ አላዩም?»

«መቆሙን አይቻለሁ። ትምህርት እየተማረ መስሎኝ ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሕይወት ደርሳ በጉን መረመረች፤ መርፌ ወጋችው፤ የእታለማሁን ሥራ አይታ «እኔም ብኖር ከዚህ የተለየ አላደርግም» አለች። በማግስቱ ዳማው ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ እታለማሁ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ስትጠብቅ፣ አንገቱ ላይ አንዲት ጉብታ ወደ ላይ ስትወጣ አየች። መንጋጋው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ መጣ። አመሰኳ። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ምንይችል ከባሕር ዳር ሲመለስ ነገሩን በሙሉ ነገረችው። ደብተሩንም ሰጠችው። ቆሞ አገላበጠው። ሰኞ አፉ ዝም፣ ሰኞ አፉ ዝም፣ ሰኞ አፉ ዝም። ጥግ ላይ ባለው የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«የሁለት ቁጥር ውጤት በሙሉ ተበላሸ» አለ። «በሁለት በግ ብቻ ጥናት አይሆንም። እንደገና መጀመር አለብኝ።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «በዚህ ዓመት መመረቄ ቀረ ማለት ነው።»

አሳዘናት፤ ግን ንዴቷም አልበረደም። «እኔ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኝ ነበር።»

«ቅጹ ዓምድ የለውም አልክ።»

«ቢያንስ ምክንያቱ ታወቀ» አለ ምንይችል፤ ተነስቶም ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እታለማሁ የምትጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች። እዚያው ቆማ ጠበቀቻት። አልመጣችም።

የጣቢያው ኃላፊ አያ እንግዳውን ከበረቱ አንስቶ ወደ ዋናው በር አዛወረው። ከቅዳሜ እስከ እሁድ የሚያበላ ሌላ ሰው ተመደበ፤ ደረሰ የሚባል፣ ከሞጣ የመጣ፣ አዊኛ የማይሰማ፣ ከረጢቱን ገልብጦ ወዲያው ወደ ስልኩ የሚመለስ። ለጥናቱ እንደ እሱ የሚመች ሰው አይገኝም። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ቅጹ ላይ «ማመስኳት» የሚል ዓምድ ተጨምሮ አየችው። ማን እንዳስጨመረው የነገራት የለም።

አያ እንግዳው አኮረፋት። በበሩ ስትገባ ሰላምታዋን በአማርኛ ይመልሳል፤ በአማርኛ፣ እንደ ባዳ። አንድ ወር ቻለችው። መጋቢት ላይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

«ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

«እኔ በረት እንዳልገባ ተብያለሁ።»

«ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የሚገቡት።»

እያጉረመረመ ተከተላት። እጁን በሳሙና አስታጠበችው፤ ዳማውን ያዘችና ውታፉን ነቀለች። «ሁለት ጣትዎን ያስገቡ።» ሽማግሌው አማተበና አስገባ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይሞቃል!» አለ። «ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ ይገፋኛል።»

«ይፈስሳል?»

ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ። ጎማው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፤ አንዲት ጠብታ አይወጣም። «አይፈስስም» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ስለ ጥንስሱ ነገረችው። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት እንዳሉ፤ ድርቆሽ የለመዱት ድርቆሹን ቀስ ብለው እንደሚያብላሉት፤ ገብስ ድንገት በብዛት ሲመጣ ሌሎች ችኩሎች እንደሚነሱና ሆዱን በኮምጣጤ እንደሚሞሉት፤ ድርቆሽ የለመዱት እንደሚሞቱ፤ በጉም አፉ ዝም እንደሚል። ገብስ በራሱ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ቀስ በቀስ ቢለምደው ኖሮ ይጠቅመው እንደነበር፣ በሳምንት አንድ ቀን ግን እንደሚያፈርሰው። አያ እንግዳው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት። ጣቱን አውጥቶ ታጠበ።

«ታዲያ ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

እታለማሁ ውታፉን ወደ ቦታው መለሰች። ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ ከረጢቶቹን እየሰጠችው «ይችን ብቻ ያብሉ» ነበር የምትለው። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረችውም። ስለ ዝናቡ አውርተዋል፤ ስለ ፈረሶቹ አውርተዋል። ስለ በጎቹ ሆድ አላወሩም። በልቧ ምንይችልን ስትከስስበት የከረመችው ነገር የእሷም ጥፋት ሆኖ ፊቷ ቆመ።

«አልጠየቁኝማ» አለች፤ ስትለው ራሷንም አስጠላት።

«አንቺስ ጠየቅሽኝ?» አለና ካፖርቱን ሰብስቦ ወደ በሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን በአዊኛ ይመልሳል፤ ጨዋታው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሁለተኛው ዙር ሰኔ መጨረሻ ላይ ያለ ችግር ተጠናቀቀ። ግማሹ ፋጉሎ በግብጦ ሲተካ የሦስቱም በጎች ሆድ ረግቶ ከረመ፤ ሰኞም እንደ ዓርብ ሆነ። ምንይችል ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ደወለላት፤ ጽሑፉን አቅርቦ ማለፉን ነገራት።

«እንኳን ደስ ያለህ!»

«እትዬ፣ ያን የጥምቀቱን ጊዜ ነገር... እኔ እኮ...» ሲል ኔትዎርኩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አልገባም። ስልኩን በእጇ እንደያዘች እስከ ማታ ዋለች።

በማግስቱ ራሱ ደወለ። ረስቶት የሄደ ፔርሙስ እንዳለ፣ በሚኒባስ ለሚመጣ ሰው እንድትሰጥለት ጠየቃት። ስላለፈው ነገር ምንም አላነሳም። እታለማሁ ፔርሙሱን አጥባ፣ በፌስታል ጠቅልላ ላከችለት።